ስልሳ ኬሻ ጀንፈልና አንድ ፉጨት

ያ ጉዳይ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ዋጋ ሳልሰማ ወሬ የማልጀምር ሰው ስለሆንኩ እናንተንም በዚያው አስተናግዳችኋለሁ። አንድ የጁምዓ ሶላት፣ አንድ ነጭ ጀለቢያ፣ እና የመጋዘኔን ቁልፍ አሥራ አንድ ዓመት የያዘ አንድ ሰው።

ኑሩ እባላለሁ። ሚዛን ተፈሪ ላይ ቡና እገዛለሁ፣ አደርቃለሁ፣ አስፈለፍላለሁ፣ ወደ አዲስ አበባ እጭናለሁ። አባቴ ከጅማ ወደዚህ ሲመጣ ይዞ የመጣው ሱቅ የመክፈት ሐሳብ ነበር፤ ሱቁ ሳይከፈት ሐሳቡ አለቀ። እኔም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ወደ መናኸሪያ አዛወርኩ። ኬሻ ተሸከምኩ፣ ኬሻ ሰፋሁ፣ ኬሻ ላይ ተኛሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት ትልቁ እውቀት የሰውን አፍ ትቶ እጁን ማየት ነው። የኬሻ አፍ የሚሰፋ ሰው ሁሉ የራሱ እጅ አለው። አንዱ ሲባጎውን ያጠብቃል፣ አንዱ ያላላል፤ አንዱ ዳሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይቋጥራል፣ ሌላው አንድ ጊዜ አድርጎ ይተወዋል። የተሰፋ ኬሻ አሳዩኝና ማን እንደሰፋው ልንገራችሁ። ይህን ችሎታዬን በየሻይ ቤቱ ሳወራ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ቀንሻለሁ።

ሰው ማስተዳደርን በተመለከተ ደግሞ ሁለት ሕግ ነበረኝ። የመጀመሪያው፣ ጉድለት አለ ብሎ የመጣ ሰው ጉድለቱን ከደሞዙ ይሞላል የሚል ነው። ሰበብ ለመቀነስ ያወጣሁት ነው፤ እውነትም ሰበብ ቀነሰ። ዓመት ሳይሞላ ጉድለት የሚባል ወሬ ከግቢዬ ጠፋ። እኔም ጉድለቱ ራሱ የጠፋ መስሎኝ፣ ሌሎች ነጋዴዎች ስለ ሠራተኛ ሲያማርሩ እግሬን አነባብሬ እሰማቸው ነበር። ሁለተኛው ሕግ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ስለሌሎቹ እንዲነግረኝ ማድረግ ነው። በዚያ ዓመት ይህን ሥራ የያዘው ሸምሱ ነበር፤ የእህቴ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሚዛን የሚይዝልኝ።

ቁልፉን የያዘው ግን ጳውሎስ ነው። ጳውሎስ የቤንች ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቃል ቆጣቢ፣ የመጋዘኑም የማድረቂያውም ኃላፊ። አሥራ ሁለት ቡና ለቃሚ ሴቶች በሱ ሥር ይሠራሉ። እኔ ስጮህባቸው ቀና ይላሉ፤ እሱ ሲናገር ይነሳሉ። ልዩነቱን ያኔ አላየሁትም።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ነው። ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ሸኮ አካባቢ አንድ ሻጭ ስልሳ ኬሻ ጀንፈል አለኝ ብሎ ደወለ። ጀንፈል ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ነው። ከጳውሎስ ጋር ስንደርስ ሌላ ገዢ መኪናውን አቁሞ ከሻጩ ጋር ይስቃል። ሌላ ገዢ ሲስቅ የተቀደምኩ ይመስለኛል። ሳልወርድ ዋጋ ጨመርኩ። ጳውሎስ ከአንዱ ኬሻ አንድ እፍኝ ዘግኖ ጆሮው ጋ አስጠግቶ ነቀነቀው። የደረቀ ጀንፈል ሲነቀነቅ ውስጡ ይንኳኳል።

ወደኔ ጠጋ ብሎ ቀስ አለና፣ “ጋሽ ኑሩ፣ ይሄ አልደረቀም። አይንኳኳም” አለኝ።

“ቡና ልታስተምረኝ ነው? ሰው ፊት?”

“ኧረ አይደለም ጋሼ፣ ብቻ ሁለት ቀን ፀሐይ ቢያገኝ…”

“ካልደረቀ ከደሞዝህ ታደርቀዋለህ! ጫን!”

ሻጩ ሳቀ። ሌላው ገዢ ሳቀ። እኔም የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ሳቅሁ። ጳውሎስ ጫነ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ረቡዕ ሸምሱ ከሚዛኑ ኋላ ጠራኝ።

“አጎቴ፣ የሸኮው ቡና ቀሏል።”

“ስንት?”

“በኬሻ ሦስት አራት ኪሎ። ሁሉም አይደለም፣ አርባው።”

“ማን ነው?”

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ቡና የሚቀለው ሲደርቅም ነው፤ ይህን በመናኸሪያው ያለ ተሸካሚ ሁሉ ያውቃል። ግን ቡናው ከደረቀ ሲገዛ እርጥብ ነበር ማለት ነው፤ እርጥብ ከነበረ ደግሞ ጳውሎስ ልክ ነበር ማለት ነው። ያን ከማመን ሌባ አለ ብሎ ማመን ቀለለኝ። ስለዚህ “ምን ሆኖ ነው?” ብዬ አልጠየቅሁም። “ማን ነው?” አልኩ።

“እኔ ማንንም አላልኩም” አለ ሸምሱ ሚዛኑን በጨርቅ እየወለወለ። “ብቻ አርብ አርብ እርስዎ ጁምዓ ሲሄዱ ኬሻ እየተፈታ ነው። ቁልፉ ያለው ደግሞ ማን ጋ እንደሆነ ያውቃሉ።”

ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ብቻዬን መጋዘን ገባሁ። ስልሳውን ኬሻ አንድ በአንድ አየሁ። ሃያው የሻጩ ስፌት ነው፣ እንደመጣ አለ። አርባው ግን ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል፤ ስፌቱም በሙሉ ወደ ግራ ያዘነበለ። ግቢዬ ውስጥ ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ናት፤ አስካለ፣ የለቃሚዎቹ አለቃ። ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ እውቀቴ ሠራ! ጳውሎስ ይፈታል፣ አስካለ ትሰፋለች፣ ሌሎቹ ዝም ይላሉ።

ማታ ለባለቤቴ ለዘምዘም ነገርኳት።

“ጳውሎስን ጠይቀው” አለች።

“ሌባ ይጠየቃል እንዴ?”

“አሥራ አንድ ዓመት ቁልፍ ሰጥተኸው አንድ ጥያቄ ከበደህ?”

ሴት ስለ ንግድ ምን ታውቃለች ብዬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሐሙስን በሙሉ ስጠረጥር ዋልኩ። ጳውሎስ አዲስ ጫማ አድርጓል፤ በማን ቡና? ስልክ ሲመጣለት ወደ አጥሩ ይወጣል፤ ለማን ሊያወራ? ሴቶቹ እኔ ስገባ ሳቃቸውን ያቆማሉ፤ ድሮም ያቆሙ ነበር፣ ያን ቀን ግን ማቆማቸው ማስረጃ ሆነብኝ። ጊዜም አልነበረኝም። ስልሳው ኬሻ ቅዳሜ ወደ መፈልፈያው ይገባል፣ ሰኞ ይጫናል። እጃቸውን ከቡናው ላይ መያዝ የምችለው በአንድ አርብ ብቻ ነው።

አርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ጀለቢያዬን ለብሼ ግቢው መሐል ቆምኩ። “መስጊድ ሄጃለሁ!” አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ብዬ አላውቅም። በዋናው መንገድ ወረድኩና ታጥፌ በጎረቤቴ ሙዝ ውስጥ ለውስጥ በጀርባ ተመለስኩ። አንድ የማውቀው የሰፈር ሚሊሻ ምስክር እንዲሆነኝ ለምኜው እዚያ ይጠብቀኛል። ከመፈልፈያው ኋላ እንደ ኮረብታ የተቆለለ የቡና ገለፈት አለ። ሁለታችን እዚያ ኋላ ተጋደምን። ገለፈት ምን ያህል እንደሚያሳክክ በነጭ ጀለቢያ የሞከረ ብቻ ያውቃል።

የአዛን ድምፅ መጣ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ወዲያው የመጋዘኑ በር ተከፈተ።

ጳውሎስ ሃያዎቹን ኬሻዎች አስወጣ። ሴቶቹ ሲባጎውን ፈቱ። ቡናውን በማድረቂያው አልጋ ላይ ዘረገፉት። ከዚያ ከሌላኛው አልጋ፣ እኔ በቀይነቱ ከገበሬ ገዝቼ ካደረቅሁት፣ እየዘገኑ ባዶውን ኬሻ ይሞሉ ጀመር። እየሠሩም ይዘፍናሉ።

ሚሊሻው በጆሮዬ፣ “ጋሽ ኑሩ፣ ሌባ እየዘፈነ ይሰርቃል እንዴ?” አለኝ።

“እየለወጡት ነው፣ አታይም?”

“የርስዎን በርስዎ?”

“ዝም በል፣ መውጫውን እንይ።”

መውጫው መጣ። አስካለ ከተዘረገፈው ውስጥ እየለቀመች አንዲት ትንሽ ኬሻ ሞላች። ተሸከመቻትና ዙሪያዋን አይታ፣ ወደ አጥሩ ሄደች። ከአጥሩ ውጭ መንገድ አለ። ከዚህ በላይ ምን ልጠብቅ?

“ሌባ!” ብዬ ተነሳሁ። “ሌባ! ጳውሎስ ሌባ!”

ድምፄ ትልቅ ነው፤ መናኸሪያ የሠራው ነው። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። መንገደኛ ቆመ። ሴቶቹ እጃቸው ላይ ቡና እንደያዙ ደረቁ። እኔ ከራሴ እስከ እግሬ ገለፈት ተለጥፎብኝ መሐላቸው ገባሁ፤ ማንም ግን አልሳቀም።

“ክፈተው” አልኩት ሚሊሻውን።

ትንሿን ኬሻ ፈታ። እጁን ሰዶ አወጣና አሸተተ። ፊቱን አዞረ። “ሻጋታ ነው” አለ። ጥቁር፣ የተጣበቀ፣ የሚሸት ቡና። ለከብት የማይሆን።

ዝም ብዬ ብቆም ይሻለኝ ነበር። ሰው ግን እያየኝ ነው። “ታዲያ ለምን በድብቅ? ንጹሕ ሰው ይደበቃል?” አልኩ።

የመለሰችው አስካለ ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያጠበቀች።

“ልንገርዎት ጋሼ? ያ የገዙት ቡና እርጥብ ነበር። ሲመጣ መሻገት ጀምሯል። ብንነግርዎት ከደሞዛችን ነው። ባንነግርዎት ይበሰብሳል፣ እርስዎ ይከስራሉ፣ እኛም ሥራ እንፈታለን። ስለዚህ ጳውሎስ አርብ አርብ ሃያ ሃያ እናውጣና በደረቀው እንተካው፣ እርጥቡ አልጋው ላይ ሳምንቱን ይድረቅ አለ። የሻገተውን ለቅመን እንጥላለን። ምሳችንን ትተን ነው የሠራነው። ይሄ የመጨረሻው ሃያ ነው። አንድ ሰዓት ቢቆዩ ኖሮ አልቆ ነበር፤ እርስዎም ቡናዬ ጥሩ ነው እያሉ ይኖሩ ነበር።”

ሳምንቱን ሙሉ በዚያ አልጋ አጠገብ ስመላለስ ነበር። በእጄም አገላብጨዋለሁ፤ የሸኮው ቡና መሆኑን ግን አላወቅሁም።

“ሸምሱ ግን…” አልኩ።

“ሸምሱ?” አለች አስካለ። “ሲባጎውን የገዛልን እሱ አይደል እንዴ! ከመጀመሪያው አርብ ጀምሮ ሁሉንም ያውቃል።”

ዞሬ ፈለግሁት። ሸምሱ መስጊድ ነበር፤ የሄደው እሱ ነው። የነገረኝ አንድም ውሸት አልነበረበትም። ለምን እንደሆነ ብቻ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ቁልፉን ሲመኝ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

ጳውሎስ ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። “ጋሽ ኑሩ፣ ኬሻው ስልሳ ነው። ይቁጠሩት” አለኝ። በነዚያ አዲስ ጫማዎች ወደ በሩ ሄደ።

ያኔ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። “ጳውሎስ” ብል እንኳ ይበቃ ነበር። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተደርድሯል፣ ሚሊሻው ያየኛል፣ ሴቶቹ ያዩኛል። ቃሉን አላወጣሁትም። ባለቤት የሆነ ሰው እንዴት ይቅርታ ይላል ብዬ ነው።

ዝናቡ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የኛን አገር ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በኅዳር አይዘንብም የሚለው ወሬ እዚህ አይሠራም። ከጫካው በኩል ጨለም አለና ድምፁ በቆርቆሮ ላይ ሲንጋጋ ተሰማ። አልጋው ላይ ሙሉ ቡና ተዘርግቷል። መሬት ላይ አፋቸው የተከፈተ ሃያ ኬሻዎች ቆመዋል። የሦስት አርብ ምሳ በሙሉ ሜዳ ላይ ነው።

“ሸራ!” ብዬ ጮህኩ። “ሸራ አምጡ! አልብሱት!”

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሴቶቹ የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ በሩን ነበር።

“አትሰሙም እንዴ? ደሞዝ የምከፍለው እኔ ነኝ!”

ይህን ማለቴን ሳስታውስ እስካሁን ፊቴ ይግላል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቡናው ላይ ወደቁ። ሸራውን ራሴ ልጎትት ሄድኩ፤ ሸራው ለስድስት ሰው ነው፣ ጀለቢያዬን ረግጬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

ያኔ ከበሩ አንድ ፉጨት ተሰማ። በሁለት ጣት፣ አጭር፣ ስል።

ሴቶቹ እንደ አንድ ሰው ተነሱ። ስድስቱ ሸራ ያዙ፣ አራቱ ኬሻ ወደ ጣራው ሥር ጎተቱ፣ ሁለቱ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። ጳውሎስ ተመልሶ በመሐላቸው ይሮጣል፣ አይጮህም፣ በእጁ ብቻ ያሳያል። እኔ ከወደቅሁበት ሳልነሳ ሁሉም ተሸፈነ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ።

ያ ፉጨት አሥራ አንድ ዓመት በግቢዬ ሲሰማ ኖሯል። ቡናዬን ስንት ጊዜ እንዳተረፈ አላውቅም። ልብ ብዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ጳውሎስ ከጣራው ሥር ለአፍታ ቆመ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ቁልፉን አየው፤ አላነሳውም። በዝናቡ ውስጥ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አማን ወደሚገኘው ቤቱ ሄድኩ። አስቀመጠን፣ ውሃ አመጣልን። ሽማግሌዎቹ ብዙ አወሩ፤ እኔም ደሞዝ እጨምራለሁ አልኩ። ሲሰማን ቆየና፣ “ጋሽ ኑሩ፣ ልጆቼ አባታችሁ ሌባ ነው የሚለውን ከሰፈር ሰምተው መጡ” አለ። “ያን ቀን ሰው ፊት ነው ያሉት። የሚሉት ካለ እዚያው ቦታ ይበሉት፣ በዚያው ድምፅ።”

“ካልኩት ትመለሳለህ?”

“እውነት ስለሆነ ብቻ ይበሉት” አለኝ። “ይሄ ገበያ አይደለም።”

በሚቀጥለው አርብ ከጁምዓ መልስ ግቢው መሐል ቆምኩ። ለቃሚዎቹን፣ ጎረቤቶቹን፣ ሚሊሻውን ጠራሁ። ጳውሎስ ከበሩ ውጭ ቆሟል። “ጳውሎስ ሌባ አይደለም” አልኩ። “ቡናዬን ያዳነው እሱ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።”

ሚሊሻው ጉሮሮውን ጠረገ። “ጋሽ ኑሩ፣ ያን ቀን ድምፅዎ ከዚህ ይበልጥ ነበር።”

አስካለ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም። በሕይወቴ ከሸጥኩት ቡና ሁሉ ያን ዓረፍተ ነገር ደግሞ መጮህ ይከብዳል። ጮህኩት። ጳውሎስ ከበሩ ሆኖ ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

አሁን እናንተን ላናግር፤ ሱቅም ይሁን ግቢ፣ ቢሮም ይሁን ትምህርት ቤት ሰው ቀጥራችሁ የምታሠሩትን። እኔ ከዚያ ወዲህ ደግ ሰው አልሆንኩም። አሁንም እጠረጥራለሁ፤ ስፌት አያለሁ፣ እጅ አያለሁ፣ አዲስ ጫማም አያለሁ። የዚያ ጫማ ነገር ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም፤ የመጠየቅ መብቴን ግን አጥቻለሁ። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ቀድሞ ጠርጥሬ እጮኻለሁ፤ አሁን ጠርጥሬ እጠይቃለሁ፣ ያውም ሰውዬውን ራሱን፣ ያውም በጓዳ። ወቀሳዬ በጓዳ፣ ምስጋናዬ ግቢው መሐል እንዲሆን እሞክራለሁ፤ ሁለቱን ለአሥራ አንድ ዓመት ገልብጬ ስሠራባቸው ነበር። ያቺ የደሞዝ ሕግም ቀረች። አሁን ጉድለት ቀድሞ የነገረኝ ሰው አይቀጣም፤ ደብቆ ያቆየው ነው የሚቀጣው። መጀመሪያ ሰሞን መዓት መጣብኝ፤ በየቀኑ የሚያፈስ ጣራ፣ የሚጎድል ሲባጎ፣ አይጥ የበላው ኬሻ። ግቢዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የተበላሸው ድሮ ነው፤ አሁን ገና እየሰማሁት ነው።

ሰዎቻችሁ እናንተ ስትገቡ ሳቃቸውን የሚያቆሙ ከሆነ ጠርጥሩ። ከነሱ በፊት ግን ራሳችሁን ጠርጥሩ።

ሸምሱን አላባረርኩትም። በሚዛኑ ላይ ዋሽቶኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ነው ያለው። ሰው ስለሰው ሊነግረኝ ሲመጣ ግን ያን ሰው አስጠርቼ እሱ ባለበት እሰማዋለሁ። ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ደረቀ። ቁልፉ አስካለ ወገብ ላይ ነው። ሥራዋን ስትጀምር ያለችኝ፣ “ጋሼ፣ እርጥብ ቡና ከገዙ ሰው ፊት ነው የምነግርዎት” ነው። ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበረች።

ጳውሎስ አሁን ሸኮ አጠገብ የገበሬዎች ማድረቂያ ይመራል። ከሱ ጀንፈል እገዛለሁ። ስሄድ እሱ ራሱ እፍኝ ዘግኖ ጆሮዬ ጋ ይነቀንቅልኛል፤ እስክሰማ ይጠብቃል፤ ከዚያ ዋጋ ይነግረኛል። አይቀንስልኝም።

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው። ጁምዓው አልፏል፤ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግጄ ተክቼዋለሁ። ጀለቢያው ሦስት ጊዜ ታጥቦ ነጽቷል። ስልሳው ኬሻ ደርቆ ተሸጧል። ጳውሎስ አልተመለሰም።